ሎሚ ጨውን ይተካል፤ እሳትን ግን አይተካም፦ የታይላንድ ዓይነት ሙሉ ዓሣ በቤታችን



ዛሬ ስለ ምግብ አሠራር ነው የማወራችሁ። «ዶክተሩ ምን ነካው፣ ወጥ ቤት ገባ እንዴ?» እንዳትሉኝ። ነገሩ የጀመረው ወጥ ቤት ሳይሆን ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው።

የደም ግፊት ክትትል የሚያደርጉ አንዲት እናት አሉ፤ ዕድሜያቸው ስልሳዎቹ ውስጥ ነው። ባለፈው ለክትትል ሲመጡ ግፊታቸውን ስለካው 164 በ98 ሆነ። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። «ጨውስ እማማ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፦

«ዶክተርዬ፣ እውነቱን ልንገርህ? ሁለት ሳምንት ተውኩት። ከዚያ ምግቡ ሁሉ የሆስፒታል፣ የሆስፒታል አለኝ። ሳልበላ ከምሞት በልቼ ልሙት ብዬ መለስኩት።»

«ዓሣስ ሞክረዋል?»

«ዓሣ እኮ እኛ የምናውቀው ጥብሱን ነው። ዘይቱን ደግሞ አንተው ቀንሺ ብለኸኛል። ሌላው ሌላው ይሸተኛል። ጎረቤቴ ጥሬውን በሎሚ አሽተሽ ብይው፣ ሎሚው ራሱ ያበስለዋል አለችኝ። እውነት ነው እንዴ?»

በዚህች አጭር ወሬ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ጨውና ዘይት ሲቀነስ ጣዕም ከየት ይምጣ? ሁለተኛ፣ ሎሚ ዓሣን ያበስላል ወይ? የሚገርመው ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ ታይላንዶች ማዕድ ላይ አለ። አንዱ የሚጣፍጥ መልስ ነው፣ ሌላው ግን መራራ። ከሚጣፍጠው ልጀምር።

ዓሣው የእኛው ነው

ታይላንዶች ዓሣን ከነጭንቅላቱ ሙሉውን ሠርተው መሃል ማዕድ ላይ ያቀርቡታል፤ ሁሉም ከዚያው ይቆርሳል። በጣም ከታወቁት አሠራሮች አንዱ «ፕላ ፓው» ነው። የዓሣውን ሆድ በጠጅ ሳር ይሞሉና፣ ከውጭ ጨው ለብጠው ከሰል ላይ ይጠብሱታል፤ ሲበሉት ግን ጨዋማውን ቆዳ ገፈው ይተዉታል። ሌላው «ፕላ ኑንግ ማናዎ» ሲሆን በእንፋሎት በስሎ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚፈስበት ነው። ኦቨን በባህላዊው የታይላንድ ወጥ ቤት ውስጥ የለም። እኛ ዛሬ በኦቨን የምንሠራው የሁለቱን ጣዕም ቤታችን ባለው ዕቃ ለማግኘት ነው።

ለፕላ ፓው በብዛት የሚጠቀሙበት ዓሣ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ቲላፒያ፣ የእኛው ቆሮሶ! በ1965 እ.ኤ.አ. በወቅቱ የጃፓን አልጋ ወራሽ የነበሩት አኪሂቶ 50 የናይል ቲላፒያዎችን ለታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል ላኩላቸው። ንጉሡም በቤተ መንግሥታቸው ኩሬ አራብተው ለሕዝቡ አከፋፈሉት። ዛሬ እዚያ አገር «ፕላ ኒን» ተብሎ በየገበያው የሚሸጠው ይህ ዓሣ፣ ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ የምናውቀው ራሱ ዝርያ ነው።

ቅመሙም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ጠጅ ሳር፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የድምብላል ቅጠል፣ በሶብላ። ታይላንዶች የሚጠቀሙበት አረንጓዴ ትንሽ ሎሚ እንኳ የእኛው የገበያ ሎሚ ዓይነት ነው።

ጣዕሙ ከየት ይመጣል?

ምላሳችን ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥልና ጥሩ መዓዛ ያለው ነገር አንድ ላይ ሲያገኝ የጨውን ማነስ ብዙ አይታዘብም። ሎሚ በተለይ ያለችውን ትንሽ ጨው ጎላ ያደርጋታል። የዓሣ ሽታ የሚያስቸግራችሁም ስሙ፦ ሽታውን የሚያመጡት አሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ አሲድ ሲነካቸው ተንነው አፍንጫችን ጋ የመድረስ አቅማቸው ይቀንሳል። አያቶቻችን ዓሣን በሎሚ ሲያሹ የነበረው በከንቱ አይደለም ማለት ነው።

ጥቅሙንም በቁጥር እንየው። 100 ግራም የበሰለ ቲላፒያ ወደ 26 ግራም ፕሮቲን ሲኖረው ቅባቱ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። እውነቱን ለመናገር በኦሜጋ 3 ከሳልመንና ከሰርዲን ያንሳል። ቢሆንም ዘይት ውስጥ ከተዘፈዘፈ ጥብስ ወይም ከሰባ ሥጋ ይልቅ ለልብ የሚመረጥ ምግብ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ መብላትን ይመክራል፤ ያልተጠበሰውን ማለቱ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ እኔም ገብቼበታለሁ። ታይላንዶች ጨው የሚያገኙት ባብዛኛው «ናም ፕላ» ከሚባለው ከዓሣ ከሚሠራ ፈሳሽ ነው፤ እኛ አገር ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ፊሽ ሶስ በሚል ስም ይገኛል። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ቪዲዮ እያየሁ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገለበጥኩበት። ጣፋጭ ነበር። ሌሊቱን ግን ውኃ ስጠጣ አደርኩ! በኋላ ጠርሙሱን አዙሬ ሳነብ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ወደ 1,400 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ጣሪያ 2,000 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም 5 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ስለዚህ «የታይላንድ ምግብ ጤናማ ነው» ብላችሁ እንደ ውኃ አታፍስሱት። አኩሪ አተር ሶስም ያው ነው።

አሠራሩ (ለ3 ሰው)

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦
• 800 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ሙሉ ቆሮሶ፣ ቅርፊቱ ተፍቆ የሆድ ዕቃው የወጣ
• 2 ወይም 3 አገዳ ጠጅ ሳር
• አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል
• 7 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
• 2 ቃሪያ
• አንድ እፍኝ የድምብላል ቅጠል ከነግንዱ
• 5 ሎሚ
• 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር
• 1 የሻይ ማንኪያ ፊሽ ሶስ (ከሌለ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው)

1. ዓሣውን ስትገዙ ዓይኑን እዩ፤ ጥርት ያለና ያልጎደጎደ ይሁን። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ ቀይ መሆን አለበት። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ተመልሶ ይነሣ። የከረረ ሽታ ካለው አትግዙ፤ የተበላሸ ዓሣን እሳትም ሎሚም አያድነውም።

2. አጥባችሁ በንጹሕ ወረቀት አድርቁት። በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ድረስ ሰንጥቁት። ስንጥቁ ቅመሙንም ሙቀቱንም ወደ ውስጥ ያስገባል።

3. 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሹን ዝንጅብልና የድምብላሉን ግንድ ውቀጡ። ከዘይቱ ጋር አዋሕዳችሁ ስንጥቆቹ ውስጥ አስገቡ። ጨው የለም! የጠጅ ሳሩን ነጭ ክፍል በቢላ ጀርባ ቀጥቅጣችሁ፣ ከቀረው ዝንጅብልና ከአንድ የተቆራረጠ ሎሚ ጋር ሆዱ ውስጥ ክተቱ።

4. በሙዝ ቅጠል ጠቅልሉት። ድፎ ዳቦ የምንጋግርበት ኮባም ይሆናል፤ መዓዛው ልዩ ነው። ያለው ፎይል ብቻ ከሆነ ከውስጥ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፤ ሎሚና ፎይል በቀጥታ ባይነካኩ ይመረጣል።

5. አስቀድሞ 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይብሰል። ኦቨን የሌላችሁ አትጨነቁ፤ ትልቅ ድስት ውስጥ ከፈላ ውኃ በላይ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ከድናችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእንፋሎት አብስሉት። መብራት ጠፍቶ በከሰል ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ደጅ ይሁን። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

6. እስኪበስል ማባያውን አዘጋጁ። የቀሩትን ሎሚዎች ጨምቁ፤ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያውን አድቅቃችሁ ከስኳሩ፣ ከፊሽ ሶሱና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ ጋር ቀላቅሉ። ይህን የምታፈሱት ዓሣው ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው፤ ሎሚ እሳት ላይ ከቆየ ይመራል፣ መዓዛውም ይጠፋል። የድምብላል ቅጠሉን ከላይ በትኑት። ፊሽ ሶሱ ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሶዲየም ወደ 160 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

መብሰሉን እንዴት እናውቃለን? ከጭንቅላቱ አጠገብ ያለውን ወፍራም ቦታ በሹካ ፈልቀቅ አድርጉት። ሥጋው መስታወት የመሰለ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ከሆነ፣ በቀላሉ ከተገነጠለና ከአጥንቱ ከተላቀቀ በስሏል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠብቅ። አጥንቱ ጋ ያለው ሥጋ ገና ጥሬ ከመሰለ መልሱት። «ሎሚው ይጨርሰዋል» የሚባል ነገር የለም። ይህ ደግሞ ወደ መራራው መልስ ይወስደናል።

ሎሚ ያበስላል ወይ?

አያበስልም። ሎሚ የዓሣውን ፕሮቲን ስለሚለውጠው ሥጋው ነጣ፣ ጠንከር ይላል። ላየው ሰው የበሰለ ይመስላል፤ ውስጡ ያለ ትል ወይም ባክቴሪያ ግን በዚያ አይሞትም።

ይህን በከባድ ዋጋ የተማሩት ታይላንዶቹ ራሳቸው ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኢሳን በሚባለው አካባቢ፣ «ኮይ ፕላ» የሚባል የተከተፈ ጥሬ ዓሣ በሎሚና በቅመም ታሽቶ ይበላል። ከካርፕ ወገን የሆኑት የዚያ አካባቢ ትናንሽ የወንዝና የኩሬ ዓሦች ደግሞ ኦፒስቶርኪስ ቪቬሪኒ የተባለ ጥገኛ ትል ይሸከማሉ። ትሉ ሰው ሲበላው ሐሞት የሚተላለፍባቸው የጉበት ቱቦዎች ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይኖራል። አብዛኛው ሰው ሕመም እንኳ አይሰማውም። ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይድናል፤ ግን ሰው ታክሞ ተመልሶ ጥሬውን ከበላ ተመልሶ ይያዛል። ለዓመታት የሚቆየው ቁስለት መጨረሻው የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 እ.ኤ.አ. ይህን ትል በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በዓለም ከፍተኛው የዚህ ካንሰር ስርጭት የተመዘገበውም እዚያው ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ነው። እዚያ ሰው የሚሞትበት ምግብ ሎሚ አልጎደለውም፤ የጎደለው እሳት ነው።

«ያ እንግዲህ የታይላንድ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያ ትል የዚያ አካባቢ ነው። ግን እኛም ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜና በሎሚ እንበላለን፤ በሐይቆቻችን ዓሦች ላይም ሌሎች ጥገኛ ትሎች ተገኝተዋል። ባክቴሪያው ሳይጨመር ማለት ነው። ምክሬ አጭር ነው፦ አብስላችሁ ብሉ።

እነማን ይጠንቀቁ?

• ጨጓራ ወይም ቃር ያለባችሁ፦ ቃሪያውን ተዉት፣ ሎሚውን ቀንሱ። ጠጅ ሳሩና ዝንጅብሉ ብቻውን ጥሩ መዓዛ ይሰጠዋል።
• ነፍሰ ጡሮች፦ ቲላፒያ ሜርኩሪው አነስተኛ ስለሆነ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ግን በደንብ የበሰለ ብቻ።
• ልጆችና አረጋውያን፦ እሾሁን ለቅማችሁ ስጧቸው። እሾህ ጉሮሮ ላይ ከተሰካ ደረቅ ዳቦ ወይም እንጀራ መዋጥ ይበልጥ ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል፤ ወደ ሐኪም ሂዱ።
• የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፦ የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። «ጨው አልባ ጨው» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ስለሆነ ሳትጠይቁ አትጠቀሙ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም እንዲሁ።
• የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው ጨርሶ አይንካው።
• የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታሳድሩት፤ ቶሎ ፍሪጅ አስገቡ።

እናታችንስ?

አሠራሩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲመጡ ግፊታቸው 138 በ84 ሆነ። ዓሣው አዳናቸው አልልም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰዳቸው፣ ጨዉንም በየወጡ መቀነሳቸው ነው። የዓሣው ድርሻ ሌላ ነው፦ ጨው የሌለው ምግብም ሊጣፍጥ እንደሚችል አሳያቸው። ከዚያ በኋላ ሽሮውንም ጎመኑንም በሎሚና በቃሪያ መሥራት ጀመሩ።

«ጎረቤትዎስ?» አልኳቸው።

«ጠርቼ አበላኋት» አሉኝ እየሳቁ። «ሎሚው ለምላስሽ፣ እሳቱ ለትሉ ነው አልኳት።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የለኝም። ቤታችሁ የግፊት ታካሚ ካለ ወይም ጥሬ ዓሣ የሚወድ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት።

መልካም ማዕድ፣ መልካም ጤና!