የአክሲዮን ማጣሪያ ምን ይጥላል?

ኒውዮርክ በሚገኙት ሁለት ታላላቅ የአክሲዮን ገበያዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ተመዝግበዋል። የሁሉንም ሒሳብ አንድ ሰው አንብቦ አይዘልቀውም። የአክሲዮን ማጣሪያ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያቃልለው ይህንን ጣጣ ነው። ገዢው መስፈርቱን ይሞላል፤ ላለፉት 10 ዓመታት ያልከሰረ፣ ዕዳ ያልበዛበት፣ ዋጋው ከአንድ ዓመት ትርፉ 15 እጥፍ ያልበለጠ ኩባንያ ይላል። ፕሮግራሙም ያላሟላውን ሁሉ ጥሎ የተረፈውን ወዲያው ይዘረዝርለታል። ብዙዎች ታዲያ ይህን ዝርዝር የግዢ ምክር ያደርጉታል። ወንፊት ግን ዱቄት ይነፋል እንጂ እንጀራ አይጋግርም፤ የማጣሪያው ትልቁ ውለታም ያለው በሚጥለው ላይ ነው።

ሐሳቡ ከኮምፒውተሩ ይቀድማል። አሜሪካዊው ባለሀብት ቤንጃሚን ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1949 አሳትመው በ1973 ባሻሻሉት «ዘ ኢንተሊጀንት ኢንቨስተር» ለጥንቁቅ ገዢ ሰባት መመዘኛዎች አስቀምጠዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጠው የኩባንያው ሀብት በዚያው ጊዜ ከሚከፈለው ዕዳ ቢያንስ እጥፍ ይሁን፤ ለ20 ዓመታት ሳያቋርጥ የትርፍ ድርሻ የከፈለ ይሁን ይላሉ። ከሰባቱ አንዱም ኩባንያው ነገ የት ይደርሳል ብሎ አይጠይቅም፤ ሁሉም የሚፈልጉት ገዢውን ሊያከስር የሚችል ምልክት ነው። የሒሳብ አያያዝ ተመራማሪው ጆሴፍ ፒዮትሮስኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። ከ1976 እስከ 1996 በአሜሪካ ገበያ ከመዝገብ ሀብታቸው አንጻር እጅግ የረከሱ አክሲዮኖችን ሲመረምሩ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከገበያው የበለጠ ያተረፉት ከ44 በመቶ በታች ሆነው ተገኙ። የቡድኑን አማካይ ከፍ ያደረጉት ጥቂቶች ሲሆኑ ብዙኃኑ ወደ ታች ይጎትቱት ነበር። ትርፍ አለ ወይ፣ ጥሬ ገንዘብ ገብቷል ወይ፣ ዕዳው ቀንሷል ወይ በሚሉ ዘጠኝ ቀላል ጥያቄዎች ደካሞቹን ሲለዩ ግን አማካዩ በዓመት ቢያንስ 7.5 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ።

መሣሪያው በሁሉም እጅ ከገባ ምን ጥቅም ቀረው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው መሠረት አለው፦ ተመራማሪዎቹ ማክሊንና ፖንቲፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 97 የታወቁ የአክሲዮን መለያ ምልክቶችን ሲፈትሹ፣ ምልክቶቹ በጥናት ከታተሙ በኋላ የሚያስገኙት ትርፍ በ58 በመቶ ቀንሶ አግኝተውታል። ይህ ግን በማጣሪያ አሸናፊ ለማደን የሚጣደፈውን ይጎዳል እንጂ የሚጥልበትን አይጎዳም። በዕዳ ከተዘፈቀ ኩባንያ መራቅ ሁሉም ቢያውቀውም አይረክስም። ሌሎች ደግሞ አማዞንን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ አክሲዮን የሸጠው አማዞን ሙሉ ዓመት ያተረፈው ገና በ2003 ስለነበር የግራሃም መመዘኛ ይጥለው ነበር። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልገዙት አክሲዮን ሲያድግ የሚቀረው ያልመጣ ትርፍ ሲሆን፣ የገዙት ሲወድቅ የሚጠፋው የራስ ገንዘብ ነው። ጥንቁቁ ገዢ የመጀመሪያውን ስሕተት መርጦ ይገባበታል።

ማጣሪያው የማይሻገረው ወሰንም አለ፦ የተሰጠውን ቁጥር ያምናል። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን እ.ኤ.አ. ለ2000 979 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ሪፖርት አድርጎ፣ ዕዳውን በሌሎች ድርጅቶች ስም ሲደብቅ ቆይቶ በዲሴምበር 2001 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስለዚህ ማጣሪያውን ላለፈ ኩባንያ የዓመታዊ ሪፖርቱን ማብራሪያዎች ማንበብ ግዴታ ነው። መስፈርቱም ከሥራው ዓይነት ጋር መስማማት አለበት። ለምሳሌ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ መጀመሪያ የመዘገበው ወጋገን ባንክን ነው። የግራሃምን የዕዳ መለኪያ ባንክ ላይ ብንጭን የአስቀማጮች ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ስለሚቆጠር ጤናማውም ባንክ ይወድቃል። እዚያ መጠየቅ ያለበት ካፒታሉ ምን ያህል እንደሆነና ከሰጠው ብድር ስንቱ እንደማይመለስ ነው። ኩባንያዎቹ ገና ጥቂት በሆኑበት ገበያ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሪፖርቱና ትዕግሥት ይበቃሉ።