ለአሶሳ ከማሞግራፊ በፊት አልትራሳውንድ

የጡት ካንሰር ምርመራ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው መሣሪያ ማሞግራፊ ነው። ለአሶሳና ለመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን ቅድሚያው ለአልትራሳውንድ ሊሰጥ ይገባል እላለሁ። ማሞግራፊ ጡትን በሁለት ሰሌዳ መሃል ተጭኖ በአነስተኛ ጨረር ያነሳል፤ ዋናው ጥቅሙም ገና ምንም ምልክት ያላየችን ሴት መመርመር ነው። በአገራችን ግን ብዙዎቹ ታካሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እብጠቱን በእጃቸው ከዳሰሱት በኋላ ነው፤ ዕድሜያቸውም በአውሮፓ ከተለመደው ያነሰ ነው። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራፊ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ካንሰሩም ነጭ ነውና ነጭ በነጭ ላይ ይሸሸጋል። በአልትራሳውንድ ግን ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ብሎና ጠርዙ ተዘባርቆ ይታያል፤ ውሃ የቋጠረ እባጭ ደግሞ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ውስጡ ጥርት ያለ ጥቁር ነው።

ለእርግዝና የሚያገለግለው አልትራሳውንድ ባለበት ሁሉ የጡት ምርመራ አለ ማለት ግን አይደለም። የሆድ መመርመሪያው ጎባጣ ፕሮብ ጠልቆ ለማየት የተሠራ ነው፤ ለጡት ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ፕሮብ ያስፈልጋል። እሱ ከተሟላ ባለሙያው የእብጠቱን መጠን ይለካል፣ የብብት ንፍፊቶችን ያያል፣ መርፌውንም ስክሪኑ ላይ እየተከተለ ናሙና ይወስዳል። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ፓቶሎጂ ነው፤ ቢሆንም ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጠ ናሙና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ያለ ታካሚዋ ሊሄድ ይችላል። ከካማሺ የመጣች እናት ውሃ ለቋጠረ እባጭ ያን ሁሉ መንገድ የምትንገላታበት ምክንያት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ታካሚዋ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ግብ አስቀምጧል፤ ለጠረፍ ክልል ይህ ግብ የሚደረስበት በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

አልትራሳውንድ በባለሙያው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ መልሱ ግን ሥልጠና ነው። ሩዋንዳ ውስጥ በቡታሮ ሆስፒታል የራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሐኪሞችና ነርሶች ሰልጥነው ሠርተውበታል። ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣቦችን ለማየት ማሞግራፊ ይበልጣል የሚለውም ትክክል ነው፤ ስለዚህ ካንሰሩ የተረጋገጠላት ሴት፣ በተለይ ጡቷ ሳይወገድ ዕጢው ብቻ እንዲወጣላት ከታሰበ፣ ሪፈር በተባለችበት ሆስፒታል ማሞግራፊ ብትነሳ ተገቢ ነው። የማልቀበለው ሁሉም ታካሚ ሲቲ ስካንና የአጥንት ስካን ይነሳ የሚለውን ነው። ካንሰሩ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሆኖ ሌላ ምልክት ከሌለ ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች እነዚህን በልማድ አያዙም፤ ትርፉ የቤተሰቡን ገንዘብ መጨረስና ቀዶ ሕክምናውን ማዘግየት ነው። አጥንቷን የሚያማት ወይም በብብቷ ብዙ ንፍፊት የተገኘባት ሴት ግን ሳትዘገይ ልትነሳ ይገባል።