አርጎ፦ ውቅያኖስን የሚለኩት ቱቦዎች

ክብደቱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ አናቱ ላይ አንቴና አለው፤ የሚነዳው ሞተርም ሆነ መሪ የለውም። ከመርከብ ላይ ወደ ውኃ ከተጣለ በኋላ የሚሄደው የውኃው ፍሰት ወደወሰደው ነው። እንዲህ ያሉ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቱቦዎች በዓለም ውቅያኖሶች ውስጥ ይንሳፈፋሉ። የሚያሰማራቸው መርሐ ግብር አርጎ ይባላል፤ 30 ያህል አገሮች ይሳተፉበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቱቦው 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ከውኃው ጋር ይጓዛል። በ10 ቀን አንድ ጊዜ እስከ 2,000 ሜትር ይወርድና ሙቀትንና ጨዋማነትን እየለካ ወደ ላይ ይወጣል። ለመውጣት፣ በውስጡ ያለውን ዘይት ከሥሩ ወዳለች የጎማ ከረጢት ይገፋል፤ ክብደቱ ሳይለወጥ ይዘቱ ስለሚጨምር ውኃው ወደ ላይ ያነሣዋል። የለካውን ለሳተላይት ልኮ ዘይቱን መልሶ ይስብና ይሰምጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የግሪንሃውስ ጋዞች በምድር ላይ ካቆዩት ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ገደማውን የዋጠው አየሩ ሳይሆን ውቅያኖሱ ነው። ከአርጎ በፊት ልኬቱ የሚገኘው በአብዛኛው መርከቦች ከሚመላለሱባቸው መስመሮች ነበር። በደቡባዊው ውቅያኖስ ክረምትማ ማን ደፍሮ ይለካል! ቱቦው ግን ማዕበል አይፈራም።

የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች የተጣሉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በ2007 ቁጥራቸው 3,000 ደረሰ። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስገርመው ግን ስምምነቱ ነው። መረጃው በሳተላይት በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንም በነፃ ይለቀቃል፤ ቱቦውን የገዛው አገር ቀድሞ ልየው ብሎ አያቆየውም። በሌላ ጉዳይ ዓይንና ናጫ የሆኑ መንግሥታት እዚህ አንድ መዝገብ ይጋራሉ። ድንበር ግን አልቀረም፦ ቱቦው የአንድን አገር የባሕር ክልል ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ በዩኔስኮ ሥር ያለው የውቅያኖስ ኮሚሽን ባለ ጠረፍ አገሮች አስቀድሞ እንዲነገራቸው ወስኗል።

በሶማሊያ ጠረፍ የባሕር ወንበዴዎች በበዙበት ዘመን የምርምር መርከቦች ወደ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ መቅረብ አልቻሉም፤ ቱቦዎቹን በመጣል የአሜሪካና የአውስትራሊያ ባሕር ኃይሎች ረዱ። ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። የዚህ ባሕር ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ ይልቅ ሲሞቅ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደሮች የሚጠብቁት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚጥለው ዝናብ ይበረታል፤ ሲቀዘቅዝ ድርቅ ያሰጋል። የወቅት ትንበያ የሚሠሩ ማዕከላትም የአርጎን ልኬት ይጠቀማሉ።

አሁን እስከ 6,000 ሜትር የሚወርዱ፣ ሌሎች ደግሞ ኦክስጅንና አሲድነት የሚለኩ አዳዲስ ቱቦዎች እየተጨመሩ ነው፤ ዋጋቸው ግን ውድ ነው። የተለመደው ቱቦ ባትሪ ከአራትና ከአምስት ዓመት በላይ እምብዛም ስለማይቆይ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ መተካት አለባቸው። ገንዘቡ የሚመጣው ከየአገሩ የምርምር በጀት ነው፤ አንዱ በጀቱን ቢቀንስ ካርታው ላይ ክፍተት ይፈጠራል።