የሙሽራዋ ጥፍር በሦስተኛው ቀን ተነሳ

መቼም የጀማሪ ድፍረት አይጣል ነው! አዲስ አበባ ሄጄ ለጥቂት ሳምንታት ጥፍር መሥራት ተማርኩና ዱቄቱን፣ ፈሳሹን፣ ብሩሹንና ሞረዱን በሻንጣ ጠቅጥቄ ወደ ጅግጅጋ ተመለስኩ። ወር ሳይሞላኝ “ሸደር ሠርግ አለ፣ የሙሽራዋን ጥፍር ሥሪልን” ተባልኩ። “ኧረ እኔ ገና ነኝ” ማለት ሲገባኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ሸደርን ለማታውቁ፣ በአውበሬ ወረዳ ያለች፣ በ2000 ዓ.ም ለሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ የተከፈተባት ከተማ ናት። በሠርጉ ቤት ሂና የምትሠራዋ ልጅ አንድ ጥግ፣ እኔ ሌላ ጥግ ተቀመጥን። እሷ ሁለት እጅና ሁለት እግር ጨርሳ ሻይ ስትጠጣ እኔ ከሦስተኛው ጣት ጋር ትግል ላይ ነበርኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ነፋሱ አቧራውን ያመጣዋል። ቢሆንም ማታ በመብራት ሲታይ አማረ፣ ተጨበጨበልኝም።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። “አባዮ፣ ጥፍሩ ከሥሩ እየተነሳ ነው፤ ጣቷንም ያሳክካታል።”

እየተንቀጠቀጥኩ ሄድኩ። አክስቷን “ኤዶ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” ብላቸው ዝም ብለው የልጅቷን እጅ አነሱና አሳዩኝ። የጣቶቿ ዳር ቀልቷል። ልጎትተው እጄን ስዘረጋ ደግነቱ ትዝ አለኝ፤ ጎትተው ሲነቅሉት የራሷን ጥፍር ልጦ ነው የሚወጣው። ላዩን ሞርጄ፣ በአሴቶን የራሰ ጥጥ በፎይል ጠቅልዬ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየሁትና ሲለሰልስ አነሳሁት።

ከዚያ ጅግጅጋ ያለች አንዲት ባለሙያ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። የመጀመሪያ ትእዛዟ ደንበኛ እንዳልነካ ነበር። የፕላስቲክ ጥፍሮች እንጨት ላይ አስለጥፋ ደጋግማ አሠራችኝ፤ ጥፋቴም ያኔ ተገለጠልኝ።

አንደኛ ነገር፣ ጥፍሩ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ቆዳ በደንብ አላነሳሁም ነበር። ሙሽራዋም ቅባት ተቀብታለች፤ ኤክሪሊክ ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። ጥፍሩን በለስላሳ ሞረድ ወዙን ብቻ ማጥፋት (መፋቅ አላልኩም!)፣ አቧራውን ማራገፍ፣ ማድረቂያውን መቀባት፤ ከዚህ በኋላ ጥፍሩን በጣት መንካት የለም።

ዋናው ግን ብሩሼ ነው። ፈሳሽ አብዝቼ ነበር። ብሩሹ ጫፍ ላይ የምትሰበሰበው ጠብታ ጥፍሩ ላይ ስታርፍ ለአፍታ ቅርጿን ይዛ ቆይታ በዝግታ መዘርጋት አለባት። ወዲያው ወደ ቆዳው ከፈሰሰች ፈሳሹ በዝቷል፤ እንደ ደረቅ በሶ ከተፈረፈረች ዱቄቱ በዝቷል። ከሥሩ በኩል የምትቀመጠው ጠብታ ትንሿ ትሁን፣ ከቆዳው አንድ ሚሊሜትር ያህል ትራቅ። እኔ ግን ቆዳው ላይ አፍስሼው ነበር፤ መነሳቱም ማሳከኩም ከዚያ ነው የመጣው።

ማሳከኩን ደግሞ ቀላል እንዳታደርጉት። የእንግሊዝ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ ስለዚሁ አለርጂ አስጠንቅቋል። ገላ አንዴ ኬሚካሉን ከጠላ ዕድሜ ልክ ሊጠላው ይችላል፤ ከዘመዶቹ የሚሠራ የጥርስ መሙያ እንኳ ሊያስቸግር ይችላል። ነገሩስ የመጣው ከጥርስ ሐኪም አይደል? በ1950ዎቹ ፍሬድ ስላክ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም የተሰበረ ጥፍሩን በጥርስ ኤክሪሊክ ሲጠግን ነው የተጀመረው ይባላል። ኤምኤምኤ የሚባለውን ፈሳሽ ግን በርካሽ ብታገኙትም አትግዙ፤ ሽታው ይሰነፍጣል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ በአሴቶንም በቀላሉ አይለቅም። አሜሪካኖቹ ንጹሕ ኤምኤምኤ ያለባቸውን የጥፍር ምርቶች በ1970ዎቹ ከገበያ አስወጥተዋል።

አሁን ሻንጣዬን ከመክፈቴ በፊት “ውዱእሽንስ?” ብዬ እጠይቃለሁ። ኤክሪሊክ ውሃውን ከጥፍር ይከለክላል፤ ሂና ግን ቀለም እንጂ ሽፋን አይደለም። ይህን ስነግራቸው ወደ ሂናዋ ልጅ የሚሄዱብኝ አሉ፣ ለአንድ ማታ ብቻ ተለጥፎ የሚነሳውን የሚመርጡም አሉ።

ባለፈው የዚያች ሙሽራ ታናሽ እህት ስትዳር እኔኑ ጠሩኝ። በሩን አዘጋሁ። ኤዶ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ አሥሩንም ጣት አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ሻይ አዘዙልኝ።