ሁለት ሞፈር አጣምሮ ውሃን ከማሳ የማውጣት ሥራ

የመረሬ መሬት ያለው ገበሬ ዝናቡ በሚበረታባቸው ወራት ማሳው አጠገብ ቆሞ ከመመልከት በቀር ብዙ የሚሠራው የለውም። ጥቁሩ አፈር ሰኔና ሐምሌ ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ዝናብ መግቢያ አጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል። በዚህ ጊዜ የተዘራ ስንዴ ሥሩ አየር አጥቶ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬው ውሃው እስኪጎድል እስከ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ድረስ ጠብቆ፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይዘራል። አብዛኛው የክረምት ዝናብ ሰብል ሳያበቅል ያልፋል፤ ባዶውን የከረመውን አፈርም እየጠረገ ይሄዳል።

ጉዳዩ የጥቂት ቀበሌዎች ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍንና ከዚህም 7.6 ሚሊዮኑ በደጋማው የአገሪቱ ክፍል እንደሚገኝ ተገምቷል።

ገበሬው መላ ሳይፈልግ አልቀረም። በብዙ የሸዋ አካባቢ ዘር ከተዘራ በኋላ በማረሻ ሹሩቤ ይወጣል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ደግሞ ከዚህ የላቀ ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ይሠራበታል፤ አፈሩ በእጅ እየታፈሰ ሰፊ መደብ ይሠራል፣ በመደቦቹ መካከል ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይተዋል። ሰብሉ ከፍ ብሎ ስለሚበቅል ውሃ አይተኛበትም። ነገር ግን አፈሩን በጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው የሚያፍሱት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። የድካሙን ልክ የሚያውቀው ያፈሰ ብቻ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የግብርና ሚኒስቴር፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዓለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የከብት እርባታ ማዕከልና ሌሎችም በጥቁር አፈር ላይ በጋራ መሥራት ሲጀምሩ የተያዘው ሐሳብ የእነዋሪን መደብ በበሬ ጉልበት ማውጣት ነበር። አዲስ ማረሻ ከውጭ ማስመጣት አልተፈለገም። ገበሬው ቤት ያለው ሞፈር፣ እርፍና ድግር በቂ መነሻ ነበር።

የመጀመሪያው መሣሪያ የተሠራው ሁለት ማረሻዎች ሞፈራቸው አጥሮ በእንጨት እንዲያያዙ ተደርጎ ነው። በድግሩ ምትክም አፈሩን ወደ መካከል የሚገፉ ሰፋፊ የእንጨት ክንፎች ገቡ። መደቡን አወጣ፤ ነገር ግን ከበደ። ጭቃ የያዘ እንጨት ለበሬውም ለተሸካሚውም ሸክም ነው። ሌላም ችግር ነበረበት፤ ሞፈሩ ከተቆረጠ ወደ ቀድሞ ሥራው አይመለስም። አንድ ሞፈር ለማግኘት ስንት ቦታ እንደሚዞር ለገበሬ አይነገርም።

መሣሪያው በገበሬው ማሳ ላይ ከተሞከረ በኋላ ንድፉ ተለወጠ። ሁለቱ ሞፈሮች ሳይቆረጡ ጫፋቸው ቀንበሩ ዘንድ አንድ ላይ ይታሰራል፤ ከኋላ ደግሞ አግዳሚ እንጨት ገብቶ ማረሻዎቹን 1.20 ሜትር ያህል ያራርቃቸዋል። እንዲህ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል። የእንጨቱ ክንፍ በብረት ተተካ። በውስጠኞቹ ክንፎች መካከል የሚንጠለጠለው ሰንሰለት መደቡን እያስተካከለ ዘሩን አፈር ያለብሳል። የሚወጣው መደብ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ሥራው ሲያልቅ ማሰሪያው ተፈትቶ ሁለቱም ማረሻዎች ወደ ተለመደው እርሻ ይመለሳሉ።

የመሣሪያው ነፍስ ያለው እንግዲህ ማሰሪያው ላይ ነው። የፊተኛው እስር ከላላ ወይም አግዳሚው ከተንሸራተተ አንዱ ማረሻ ጠልቆ ሌላው ይንሳፈፋል፤ መደቡ ይጣመማል፤ ውሃውም ጎድጎድ ባለው ቦታ ተመልሶ ይተኛል። ወገልን አጥብቆ ድግርን ለሚያስር ገበሬ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም መሣሪያው እንደታሰበው በፍጥነት አልተስፋፋም። ክብደቱ ቢቀንስም ጠንካራ ጥንድ በሬ ይጠይቃል፤ አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከባልንጀራው ጋር መቀናጀት ነበረበት። ከጤፍ ይልቅ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በስንዴ ላይ በመሆኑም ጤፍ ዘሪው ብዙም አልጓጓለትም። ቆይቶ ዶክተር መለሰ ተመስገን የሠሩት አይባር የተባለው መሣሪያ በአንድ ማረሻ ላይ የሚገጠምና ቀለል ያለ ሆኖ የቀረበው ይኸው የክብደት ቅሬታ ስላልተዘጋ ነው።

ከብረቱም ከእንጨቱም የከበደው ግን የቦዩ መጨረሻ ነው። ከአንድ ማሳ የወጣ ውሃ የሚገባው ከታች ወዳለው ጎረቤት ማሳ ነው። የላይኛው ሰኔ ላይ መደብ አውጥቶ ሲዘራ የታችኛው ቡቃያው ይጥለቀለቃል፤ ጠቡ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። ይህን መሐንዲስ አይፈታውም። በአንድ ተዳፋት ላይ ያሉ ባለማሳዎች የጋራው መውረጃ በየት እንደሚያልፍ፣ ማን ስንት ክንድ መሬት እንደሚለቅና ማን እንደሚቆፍር አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ስብሰባው በግንቦት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለና ወሰኑ በግልጽ ሲታይ ቢጠራ ይሻላል፤ ሐምሌ ላይ ሁሉም ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚከራከረው።