አራዊት በቅዱሳን እግር ሥር



ተሳላሚዎች በቤተ መቅደሱ ያሉትን ሥዕላት ዞረው ከተሳለሙ በኋላ ዘወትር ከሚጠይቁን አንዱ ይህ ነው፦ «አባቶች፣ በቅዱስ ስፍራ አንበሳና ነብር ምን ይሠራሉ?» ጥያቄው የሕፃናት ብቻ አይደለም። በአረብ አገር በሥራ ላይ ቆይተው ስለታቸውን ሊያደርሱ የሚመጡ ልጆቻችንም ያነሡታል። ከእነርሱ መካከል በዶሃ ከተማ፣ በአል አስማኽና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩት፣ በዚያም አገር የዱር እንስሳት በነሐስ ተቀርጸው፣ በአውሮፕላን ክንፍና ጅራት አጠገብም ተሥለው እንደሚያዩ ነግረውን፣ የእኛው ከዚያ በምን እንደሚለይ ጠይቀውናል። ለሁለቱም ጥያቄ እንደ አቅማችን መልስ ልንጽፍ ወደድን።

ያልታሰሩ አናብስት

የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። ጻድቁ ሰውነታቸውን ጠጉር ሸፍኖት፣ እጆቻቸውን ለጸሎት ዘርግተው ይቆማሉ። በግራና በቀኝ አንበሶችና ነብሮች ይታያሉ፤ ከዓይናቸው አጠገብም አንዲት ወፍ አለች። ገድላቸው 60 አናብስትና 60 አናምርት እንደ ተከተሏቸው ይናገራል። ሠዓሊው ይህን ሁሉ ለመሣል ግድግዳው ስለማይበቃው ጥቂቶቹን ብቻ ሥሎ የቀሩትን ለተመልካቹ ልብ ይተዋል። ወፏም ተጠምታ የመጣች ፍጥረት ናት፤ ጻድቁ ውኃ ባይኖራቸው ከዓይናቸው በሚፈሰው እንባ አጠጧት።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከእነዚህ አራዊት አንዱም አልታሰረም፤ አንዱም አልቆሰለም። አንበሳው ጥፍሩ አልተነቀለም፤ ነብሩም ወደ ድመትነት አልተለወጠም። አራዊትነታቸው እንዳለ ሆኖ በሰላም ቆመዋል። የዋልድባው አቡነ ሳሙኤልም በአንበሳ ላይ ተቀምጠው ሲሣሉ፣ አንበሳው እንደ ተገዛ ፈረስ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ሆኖ ይታያል። በቀደመው የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ ደግሞ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይኑ እንዲታይ ተደርጎ ይሣላል። በቅዱሳን እግር ሥር ያለ አንበሳ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ የሚመለከትበት ሥዕል ጥቂት አይደለም። ሠዓሊው ያንን ሲያደርግ አውሬውን ከማን ወገን እንደ ቈጠረው ግልጽ ነው።

«ታዲያ ቅዱስ ጊዮርጊስ የወጋው ዘንዶስ?» የሚል ይኖራል። ያ ዘንዶ የዲያብሎስ ምሳሌ ነው። ነገር ግን በሌላው ግድግዳ ላይ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ተይዘው ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ሲወጡ እናያለን። ዛሬም ወደዚያ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ሲወጣ ያንን ሥዕል በገዛ እጁ ያነብበዋል። እንግዲህ አንዱ ዘንዶ ይወጋል፤ ሌላው ጻድቁን ያገለግላል። አባቶቻችን ፍጥረቱን በተፈጥሮው ክፉ ነው አላሉም። ክፋትን የሚያመለክተው በአንድ ስፍራ ነው፤ በሌላው ስፍራ የእግዚአብሔር መልእክተኛ ነው።

ገዳም የማን ስም ነው?

ይህ ትምህርት ከየት መጣ ብንል ከኦሪት እንጀምራለን። አዳም ገና በንጽሕና ሳለ አራዊት ወደ እርሱ ቀርበው ስም አወጣላቸው፤ ሰውና አውሬ የተፈራሩት ሕግ ከፈረሰ በኋላ ነው። ኖኅ በመርከቡ ከንጹሑም ከንጹሕ ካልሆነውም አስገባ። ነቢዩ ዳንኤል በአናብስት ጕድጓድ ሳይነካ አደረ። ጌታችንም በገዳመ ቆሮንቶስ ሲጾም ከአራዊት ጋር እንደ ነበረ ወንጌላዊው ማርቆስ በአጭር ቃል አስቀምጦልናል። ስለዚህ አንበሳ በጻድቅ እግር ሥር ሲሣል፣ ሠዓሊው የሚያሳየን አዳም ያጣውን ሰላም ነው። በመንበሩ ዙሪያም ኅዳር 8 ቀን የምናከብራቸው አርባዕቱ እንስሳ አሉ፤ ከአራቱ ገጻት አንዱ የአንበሳ፣ አንዱ የንስር ነው።

የግእዝ ቋንቋ ራሱ ምስክር ነው። «ገዳም» ማለት በመጀመሪያ ፍቺው ዱር፣ ምድረ በዳ፣ ሰው ያልሰፈረበት ስፍራ ማለት ነው። «አራዊተ ገዳም» ስንል የዱር አራዊት ማለታችን ነው። መነኮሳት ዓለምን ትተው ወደ ገዳም ወጡ ሲባል፣ ወደ አራዊት መኖሪያ ገቡ ማለት ነው። ስፍራው ስሙን ያገኘው ከእኛ በፊት ነው፤ እኛ በኋላ የመጣን እንግዶች ነን። ይህን የሚያስተውል ተሳላሚ በሥዕሉ ላይ አንበሳውን ሲያይ፣ ወደ ቅዱሱ ቤት የገባ አውሬ ሳይሆን ቅዱሱን በቤቱ የተቀበለ ባለ አገር አድርጎ ያየዋል።

በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ደግሞ አራዊትን እንደ ፊደል ያስነብባል። አንበሳ አዳኝ እንዳይደርስበት ዱካውን በጅራቱ እንደሚያጠፋ ይተርካል፤ ይህንንም ጌታ መለኮቱን ሰውሮ በሥጋ ለመገለጡ ምሳሌ ያደርገዋል። ዋላም በዚያ መጽሐፍ የእባብ ጠላት ነው። ዛሬ የተፈጥሮ ተመራማሪ አንበሳ እንዲህ አያደርግም ቢል መጽሐፉ አይፈርስም፤ ዓላማው ፍጥረትን ሁሉ ስለ ፈጣሪው ምን እንደሚናገር መጠየቅ ነውና።

በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በብራና

አራዊትን መቅረጽ በአገራችን ጥንታዊ ነው። በአክሱም አቅራቢያ በጎቦ ድራ ዐለት ላይ ርዝመቷ ከ3 ሜትር የሚበልጥ አንበሳ ተቀርጻ ትታያለች፤ የአካባቢው ትውፊት ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል አንበሳውን ታግሎ ከዐለቱ ጋር እንዳጣበቀው ይተርካል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ጣሪያ ላይ በእንጨት ሰሌዳዎች አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመልና ቀንዳም የዱር እንስሳት ተፈልፍለዋል። በቅዱስ ላሊበላ ቤተ ማርያም ውስጥ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ የሆኑ ሁለት በሬዎች ሲዋጉ ተሥለዋል።

በዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚጠብቃቸው ወንጌሎች ብራናቸው ተመርምሮ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። የአራቱን ወንጌላት ስምምነት በሚያሳዩት ሰንጠረዦች ቅስቶች ላይ አእዋፍ አርፈዋል። በኋላ ዘመን በተጻፉ ወንጌሎቻችን ደግሞ፣ ከሰንጠረዦቹ ቀጥሎ በአዕማድ የቆመ ክብ ሕንፃ ይሣላል፤ የሕይወት ምንጭ ምሳሌ ነው። በዙሪያው አእዋፍና ድኩላ የሚመስሉ እንስሳት ይቆማሉ። ዳዊት በ41ኛው መዝሙር ነፍሱን ውኃ በተጠማ ዋላ መስሏታልና፣ አንባቢው ወንጌሉን ከመጀመሩ በፊት ጥሙን በእነዚያ የዱር እንስሳት አንጻር እንዲመረምር ይጋበዛል።

ዋላ በዶሃ

ከዶሃ የመጡት ልጆቻችን የጠየቁን እዚህ ላይ ይገባል። ከአል አስማኽ ብዙም ሳይርቅ፣ በባሕሩ ዳር፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የእስላማዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። በውስጡ ከሚጠበቁት የከበሩ ቅርሶች አንዷ ቁመቷ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ የነሐስ ዋላ ናት። የተሠራችው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስፓንያ፣ ከኮርዶባ ከተማ አጠገብ ለነበረው መዲናት አል ዛህራ ለተባለ ቤተ መንግሥት ነው። ሰውነቷ ሁሉ በተጠላለፈ የሐረግ ጌጥ ተሸፍኗል። ውስጧ ክፍት ነው፤ ውኃ ከሥር ገብቶ በአፏ እንዲፈስ ሆና ተሠርታለች። የዳዊት ዋላ ውኃ ትሻለች፤ ይህች ውኃ ትሰጣለች። ሃይማኖቱና አገሩ ቢለያይም፣ ዋላንና ውኃን አንድ ላይ ያሰበ የእጅ ባለሙያ በዚያም ነበረ። ሙዚየሙን ለማየት ዕድል ያላችሁ በፊቷ ጥቂት ቆማችሁ ብትመለከቱ መልካም ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ግን ከዚህ ይልቅ ይነካናል። የኳታር አየር መንገድ ምልክት የዓረቢያ ሳላ ነው። ሳላ በአገራችንም በአዋሽ ሜዳ ይገኛል፤ የዓረቢያው ግን ከእኛው ይልቅ ነጭ ነው። ያ እንስሳ በመኪናና በጠመንጃ ሲታደድ ኖሮ በ1972 እ.ኤ.አ. ከዱር ፈጽሞ ጠፋ። ሥዕሉ ሲቀር ባለ ሥዕሉ ሄደ ማለት ነው። የተረፉት በአጥር ውስጥ የሚጠበቁ ጥቂቶች ነበሩ፤ በኳታርም አል ሸሃኒያ በተባለው ስፍራ መንጋ ተጠብቆ ተራብቷል። በ1982 እ.ኤ.አ. በኦማን በረሃ ወደ ዱር ተመለሰ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ ዝርዝር ከጥፋት አፋፍ ርቆ ወደ ተሻለ ደረጃ ተላለፈ። እንስሳውን የመለሰው ግን በብረትና በወረቀት የተሣለው ምልክት አይደለም፤ በሕይወት የጠበቁት ሰዎች ናቸው።

ሁለት የክብር መንገዶች

በአገራችንም ሁለት የክብር መንገዶች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ የግዳይ ክብር ነው፤ አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ይፎከርለት፣ የአንበሳ ጎፈር ይደረግለት ነበር። ሁለተኛው በግድግዳችን የተሣለው ነው። ጻድቁ የሚከብሩት በአጠገባቸው ያለው አንበሳ በሕይወት ስለቆመ ነው፤ ቢሞት ኖሮ ሥዕሉ ትርጕም አይኖረውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛውን መንገድ በመቅደሷ ሥላ ትውልድ ሁሉ እንዲሳለመው አድርጋለች። መሳለም ግን መስማማት ነው።

ዛሬ በደጋው ባሉት በአብዛኞቹ ገዳማት ዙሪያ አንበሳ የለም። ሠዓሊውም አንበሳን የሚማረው ከቀደመ ሥዕል እንጂ ከዱር አይደለም። የቀረልን በየቅጥሩ ያለው ደን ነው። በሰሜኑ ደጋ አገር በቀሉ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በብዙ ስፍራ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ ጉሬዛውና ጦጣው፣ አእዋፉም በዚያ ተጠልለዋል። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው በዝቋላ ተራራ፣ ጻድቁ በጸለዩበት ሐይቅ ዙሪያ ያለው ደን የዚሁ ምስክር ነው። ደኑ ከጠፋ ሥዕሉ የሚናገረው ስለ ሌላ አገር ይሆናል።

ይህን ስንል ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ዝንጀሮ የማኅበሩን ገብስ ሲያበላሽ፣ ጅብ የእንግዳን አህያ ሲነጥቅ፣ ሥዕሉ በአንድ ቃል የሚፈታልን አይደለም። እርሻ መጠበቅ፣ ከብትን በረት ማሳደር፣ አውሬን በጩኸት ማራቅ ተገቢ ነው። በሥጋ ላይ መርዝ ማኖር ግን አይገባም፤ መርዙ ጅቡን ብቻ ሳይሆን ጥንብ አንሣውንና ሌላውንም ይጨርሳልና። በቅዳሴ ሰዓት በአቡዬ ሥዕል ፊት ሰግዶ ማታ መርዝ የሚያዘጋጅ እጅ ከራሱ ጋር ተጣልቷል።

ስለዚህ ተሳላሚዎቻችንን እንለምናለን። እርጥብ ቅርንጫፍ አትስበሩ፤ በደን ውስጥ እሳት አታንድዱ። ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ይዛችሁ ከመጣችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። በጦጣና በጉሬዛ ላይ ልጆቻችሁ ድንጋይ እንዳይወረውሩ ገሥጹ፤ እጃችሁን እንዲለምዱም እንጀራ አትስጧቸው። ለስለት ሥዕል የምታሠሩም፣ ቦታ ጠበበ ወይም ዋጋ በዛ ብላችሁ አራዊቱን አታስቀሩ፤ ጻድቁን ያለ አናብስቱ ማሣል ከገድሉ ግማሹን መቅደድ ነው። በገዳሙ የምንኖር እኛም ማገዶ ስንለቅም ከደረቀው እንጂ ከቆመው እንዳይሆን እርስ በርሳችን እንጠባበቅ።

አምላከ ገብረ መንፈስ ቅዱስ እንባን ለወፍ መጠጥ ያደረገውን ርኅራኄ በልባችን ይሣልብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።