ሰው ሲተኛ የሚሠራ አገልጋይ
(ስለ ዊንዶውስ ሰርቨርና ስለ ትእዛዝ ጽሑፍ)

ሰርቨር የሚባለው ኮምፒዩተር ስሙ እንደሚያመለክተው አገልጋይ ነው። ሌሎች ኮምፒዩተሮች የሚፈልጉትን መዝገብ ጠብቆ ያቆያል፤ ሲጠየቅም ያቀርባል። በትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ማርክ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ የዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ነው። ማርኩ ቢጠፋ የተማሪው የዓመታት ድካም በምን ይመሰከራል? ስለዚህ በየሌሊቱ ቅጂው ወደ ሌላ ስፍራ መወሰድ አለበት። እኔም ይህን ሥራ መምህራችንን እየረዳሁ የተማርሁ ስለ ሆነ ለጓደኞቼና ለወላጆች በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ኮምፒዩተርን በማውስ ሥዕል እየነኩ ማዘዝ ይቻላል፤ ትእዛዙን በፊደል መጻፍም ይቻላል። በፊደል የተጻፈው ትእዛዝ በፋይል ከተቀመጠ ሺህ ጊዜ ቢደገም ቃሉ አይለወጥም። ይህም ፋይል ስክሪፕት ይባላል። የቆየው ዓይነት «ባች ፋይል» ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራል። የማይክሮሶፍት ኩባንያ የበለጠ ኃይል ያለውን ፓወርሼልን ያወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006፣ ይኸውም ጁገላችን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበበት ዓመት ነው።

ጁገል በሮች እንዳሉት ፓወርሼልም በረኛ አለው። በሰርቨር ላይ እንደ ተለመደው ሆኖ ሲገኝ፣ ከኢንተርኔት የመጣ ስክሪፕት የታመነ ፊርማ ከሌለው አያልፍም፤ እዚያው የተጻፈው ግን ያልፋል። በረኛው ሲከለክል በሩን ወለል አድርጎ ከመክፈት ጽሑፉን አንብቦ መመርመር ይሻላል።

ቅጂ ለመውሰድ ሮቦኮፒ የተባለው ትእዛዝ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይገኛል። «ሚር» የሚለው ምልክት ሲጨመርበት ሁለቱን ስፍራዎች አንድ ለማድረግ ሲል በመነሻው የሌለውን ከመድረሻው ይሰርዛል። እንግዲህ መነሻና መድረሻ ቢለዋወጡ ባዶው ስፍራ ዋና ሆኖ ማርኩ ይደመሰሳል ማለት ነው። «ኤል» የሚለው ምልክት ግን አንዳች ሳይነካ ሊደረግ ያለውን ብቻ ዘርዝሮ ያሳያል፤ አስቀድሞ በእርሱ መሞከር ይገባል።

ስክሪፕቱ በእጅ ተሞክሮ ከሠራ በኋላ «ታስክ ስኬጁለር» ለተባለው ሰዓት ጠባቂ ይሰጣል። በዚህም ጊዜ አራት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል።

1ኛ/ ሰዓት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያልነው ለኮምፒዩተሩ ከሌሊቱ 2 ነው። 8 ብለን ብንጽፍ ግን ሥራው የሚጀመረው ጧት በ2 ሰዓት፣ መምህራን መዝገቡን ከፍተው ሲጽፉ ይሆናል።

2ኛ/ አድራሻ። ሰዓት ጠባቂው ማንም ሳይገባ ሲሠራ እኛ የከፈትነውን ፎልደር አያውቅም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ፋይል አድራሻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሟልቶ ይጻፍ። በእጅ ሠርቶ በሌሊት እምቢ የሚል ስክሪፕት ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይህ ነው።

3ኛ/ መብራት። በቀጠሮው ሰዓት መብራት ቢጠፋ ሥራው ይቀራል። ያለፈው ቀጠሮ ኮምፒዩተሩ እንደ ተነሣ እንዲፈጸም የሚያደርግ ምርጫ ስላለ ምልክት ይደረግበት።

4ኛ/ ፊደል። በስክሪፕቱ ውስጥ የአማርኛ ስም ካለ፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል ፊደላችንን እንዳያበላሽ ፋይሉ «ዩቲኤፍ 8 ከነቦም» በሚባለው አጻጻፍ ይቀመጥ።

በማግሥቱ ውጤቱን ማየት የሰው ፋንታ ነው። ሮቦኮፒ ሥራውን ሲጨርስ ቁጥር ይመልሳል፤ ከ8 ጀምሮ ያለው ያልተገለበጠ ነገር መኖሩን ያስረዳል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን 0 ባይሆንም እንኳ ውድቀት አይደለም። ከሁሉም በላይ ቅጂው አልፎ አልፎ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ተመልሶ ይከፈት፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርምና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር በሚገባበት በዚህ ዘመን ጠባቂው ማን ይሆን? እኛው ተማሪዎቹ ስለ ሆንን፣ ከአሁኑ እንልመደው።